በቢሮአችን አማና ጠፍቶ አያውቅም

ሰኞ፣ የካቲት 2

ዛሬም የለም። ሦስቱንም ቁም ሳጥን ገለበጥኩ። ዘሀራ በሩ አጠገብ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ስታየኝ ዋለች።

አባቷ ሐጂ ሰይድ ወፍጮ ቤቱን ከሸሪካቸው ጋር እኩል የያዙበትን ውል አባቴ ዘንድ አማና ብለው በአደራ አስቀምጠው ነበር። እሷ ዓረብ አገር ሳለች ሐጂ ሞቱ። ሸሪኩ አሁን «ወፍጮው የብቻዬ ነው፣ የምትኖሪበትንም ክፍል ልቀቂ» ይላታል። ሌላ ቤት የላትም። ቀጠሮዋ ሐሙስ ነው፤ ጠበቃዋ ደግሞ እኔ ነኝ።

«ወላሂ፣ አባቴ በስልክ ‹ወረቀቱ እነሱ ዘንድ ነው፣ አትስጊ› ነው ያለኝ» አለችኝ።

ጠረጴዛዬ ላይ የቢሮውን ታሪክ የጀመርኩበት ደብተር አለ። የመካነ ሰላም ነጋዴዎች ለመጽሔታቸው ጻፍልን ብለውኝ ነው። አባቴ ፍርድ ቤቱ አጥር ሥር በአንድ የጽሕፈት መኪና ማመልከቻ ሲጽፉ እንደ ጀመሩ፣ የእህሉም የበቅሎውም ነጋዴ ውል በእጃቸው እንዳለፈ፣ ኋላ እኔ ሕግ ተምሬ ጥብቅና እንደ ጨመርኩበት። መግቢያው ያማረልኝ መስሎኝ ነበር፦ «በቢሮአችን አማና ጠፍቶ አያውቅም።» አሁን ሳየው ያመኛል።

ማክሰኞ፣ የካቲት 3

አባባን ጠየቅኋቸው። አልጋ ላይ ከዋሉ ቆዩ፤ አንዳንድ ቀን ልጃቸው መሆኔን ረስተው ባለጉዳይ ያደርጉኛል።

«አባባ፣ የሐጂ ሰይድ ውል የት ነው?»

«ዋሱ ማን ነው?»

«የጠየቅሁዎ ውሉን ነው።»

«ዋሱን የማያውቅ የውሉ ሰው አይደለም። ውጣ!»

ተናድጄ ወጣሁ። ደጅ ስደርስ ነገሩ በራልኝ።

ፖስታዎቹ! አባባ ሲታመሙ ቢሮውን ላስተካክል ብዬ የታሸጉትን ፖስታዎች አወጣሁ። እያንዳንዱ ላይ አንድ ስም ብቻ ነበር። የባለቤቱ መስሎኝ በየስሙ አደልኩ። ለካ የዋሱ ስም ኖሯል! መጥቶ ውል የሚጠይቅ ሰው መጀመሪያ ዋሱን ይጥራ፤ ካልጠራ አይሰጠውም። የአባባ ቁልፍ ይህ ነበር። ሲሰሩ እያየሁ አድጌ ይህን አልጠየቅኋቸውም።

ፊርማ አልተቀበልኩም፤ አማና መልሶ ፊርማ መጠየቅ ነውር ነው። ከፍቼም አላየሁ፤ የታሸገ አማና አይከፈትም። በዚህ ኮርቼ ነበር እኮ።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። እኔ ያፈሰስኩት ግን የሚለቀም አይመስለኝም።

ረቡዕ፣ የካቲት 4

ዘሀራ ዋሱን ወዲያው ነገረችኝ፤ የከላላው ሼህ እንድሪስ። ፊት ሞተዋል ስትለኝ ለምስክርነት አይሆኑም ብዬ ስማቸውን እንኳ አልያዝኩም ነበር። ጠበቃ ተብዬ!

አንዱ ፖስታ የደረሰው ለእሳቸው ነበርና ከላላ ሄድኩ። የሼሁን ምራት አገኘሁ።

«ሼሁማ ከፍተው አነበቡት» አለችኝ። «ሐጂ ሞተዋል፣ ልጃቸው ባሕር ማዶ ናት። ‹የሰው አማና ቤቴ አያድርም› ብለው ለሸሪኩ ሰጡት። እኔው ነኝ ያቀበልኩት። ምነው፣ ጥፋት ነው እንዴ?»

ያንቺ አይደለም አልኳት።

በመልስ መንገድ ያሰብኩት፦
— ዝም ማለት። ቢሮው ይተርፋል፣ ዘሀራ ሜዳ ላይ ትወድቃለች።
— ሸሪኩን መለመን። ይስቅብኛል።
— ጥብቅናውን ትቼ መመስከር። ውሉ መጥፋቱ ከታመነ ዳኛው የሰው ምስክር ሊሰማላት ይችላል። ግን ማን አጠፋው ተብዬ እጠየቃለሁ። ፈቃዴንም ልነጠቅ እችላለሁ።

ማታ ጥብቅናውን የምተውበትን ማመልከቻ ጻፍኩ።

ሐሙስ፣ የካቲት 5

መሰከርኩ። ችሎቱ በደንበኞቻችን ተሞልቶ ነበር።

«ፖስታውን ያለ ቦታው የሰጠው ማን ነው?» አሉ ዳኛው።

«እኔ ነኝ።»

ሸሪኩ ወለሉን ያይ ነበር። ዳኛው የሼሁን ምራት ለመስማት ሌላ ቀጠሮ ሰጡ። ትመጣ ይሆን? ብትመጣስ ትታመናለች? አላውቅም።

ምሳ ሳይደርስ ሁለት ነጋዴዎች ወረቀታቸውን ሊወስዱ መጡ። «ለጥንቃቄ ያህል ነው ጋሼ፣ አይክፋህ» አሉኝ። ከፋኝ። አባባ ዕድሜያቸውን የሰጡለት ስም በአንድ ቀን በእጄ ሞተ።

ዘሀራ አላመሰገነችኝም። «አባቴ አትስጊ ያለኝ በናንተ ተማምኖ ነበር» ብላ ሄደች።

ዓርብ፣ የካቲት 6

የደብተሩን መግቢያ ሰረዝኩ። በምትኩ «አንድ አማና ጠፍቷል» ብዬ ጻፍኩና ለአባባ አነበብኩላቸው። ይቆጣሉ ብዬ ነበር። ዛሬም አላወቁኝም።

«ዋሱ ማን ነው?» አሉ።



«እኔ ነኝ አባባ።»

ትንሽ አሰቡና «እንግዲያው ስምህን ፖስታው ላይ ጻፍ» አሉኝ።