ከልጅነቱ የማውቀው

ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ
ጥቅምት 12 ቀን 1998 ዓ.ም.

ለልጄ ለሰልዋ ኑርሁሴን፣

አሰላሙ አለይኩም። የስዊድን ብርድ አስቸገረኝ ብለሽ ጽፈሻል። የደሴ ልጅ ብርድ ፈራች ብዬ ለጎረቤት አላወራም፤ ያሳፍራል። እኛ አልሐምዱሊላህ አለን። እናትሽ ከይሪያም ምላሷ እንደተሳለ ነው።

ደብዳቤሽን ሦስቴ አነበብኩት። ፅንስ ሳለን ጉበታችን የሚሠራው ፕሮቲን አለ፤ ከተወለድን በኋላ ይመናመናል፤ የጉበት ካንሰር ሲነሳ ግን ያንኑ መልሶ ይሠራል። በሽታ የሚከላከሉት የሰውነት ዘበኞችም አብዛኞቹ «ይህንንማ ከፅንስነቱ እናውቀዋለን» ብለው ያሳልፉታል። የሚጠረጥሩት ጥቂቶቹ ናቸው፤ ሥራሽም እነሱን ማንቃት ነው አልሽ። ልጄ፣ ለዚህ ባሕር መሻገር ምን አስፈለገ? አባትሽን አትጠይቂም?

ኮምቦልቻ የብርድ ልብስ መጋዘን ሃያ ሁለት ዓመት ስጠብቅ፣ ሚኒስትር ቢመጣ ሳልፈትሽ አላሳልፍም ነበር። ተሸካሚውን ሸረፈዲንን ግን ከሚድህበት ጊዜ ጀምሮ ስለማውቀው ኪሱን ነክቼ አላውቅም። ጠዋት እንደ ሸንበቆ ቀጥኖ ይገባል፤ ማታ እንደ እርጉዝ ወገቡን ይዞ ይወጣል።

«ወፈርክሳ ሸረፉ» እለዋለሁ።

«የኮምቦልቻ አየር ተስማማኝ፣ ጋሼ።»

እኔም መርቄ እሸኘዋለሁ። አንድ ቀን ከልብሱ ሥር ያሰረበት ገመድ ተበጠሰና ደጃፌ ላይ ሁለት ብርድ ልብስ ወለደ።

አንቺ ግን ያኔ እዚያው ኮምቦልቻ ስንኖር ምሳዬን ይዘሽ ስትመጪ «አባ፣ እኔንም ፈትሸኝ» ብለሽ ሁለት እጅሽን ሰቅለሽ ትቆሚ ነበር። ከኪስሽ አንድ ዘይቱን አወጣና «ተወርሷል» እላለሁ። የዘበኛን ሥራ ያከበረልኝ ሰው አንቺ ብቻ ነበርሽ።

ዜናው እንግዲህ ይኸው ነው። ጎኔን ሲወጋኝ ከርሞ ዶክተሩ ደሜን አዲስ አበባ ላከው። ያ የፅንስ ፕሮቲንሽ በስልሳ ስምንት ዓመቴ ተገኘብኝ፤ ያውም በብዛት። ጉበቴ ላይም ዕጢ አለ። እናትሽን «ልጅነቴ ተመልሷል፣ በይ እዘይኝ» ብላት፣ «አንተ ሰውዬ፣ የሰው በር ስትጠብቅ ኖረህ በገዛ ጉበትህ በር ላይ ተኛህ?» አለችኝ። ከዚያ ጓዳ ገብታ ቆየች።

ሥራሽን ጥለሽ እንዳትመጪ። ዘበኞቹን ቀስቅሺ፤ ለእኔ ባይደርስ ለሌላዋ ልጅ አባት ይደርሳል። አላህ እጅሽን ያበርታው፤ ዓይንሽን አያድክመው፤ የባዕድ አገር ሰው ከልጅነትሽ እንደሚያውቅሽ ይዘንልሽ።

ኮምቦልቻ አውሮፕላን በየስንት ቀኑ እንደሚያርፍ ያጠያየቅሁት ለጠቅላላ ዕውቀት ነው። ወንበሬን በሩ ላይ ያወጣሁትም ለፀሐይ ነው።

ብቻ እጅሽን መስቀል እንዳትረሺ። ሳልፈትሽ አላስገባም።

አባትሽ
ኑርሁሴን፣ ዘበኛው