ማጅራቴን ለአያ ካሴ

ሰኞ
ተደፍቼ ነው የምጽፈው። በስድሳ ሁለት ዓመቴ ከማታ ትምህርት አንደኛ የወጣሁ ሰው ነኝ፤ መደፋት አያግደኝም! (ክፍሉ ውስጥ አራት ነበርን።) ቀኝ ዓይኔ ከኋላ ያለው ስስ ሽፋን ተላቆ ነበር። ሐኪሟ አጣብቃ፣ ደግፎ እንዲይዘው የሲሊኮን ዘይት ሞላችበት። ሌንሱም ወጥቷል፤ ስንጋለል ዘይቱ ወደ ፊት ይመጣል፣ የሚያግደው የለም። ስለዚህ በጀርባ መተኛት ክልክል። ግራ ዓይኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ጡጫ የሚያህል ፊደል ብቻ ነው የምታይ። የማነበው በቀኙ ነው።

ማክሰኞ
የአገር ቤት ጎረቤቴ አያ ካሴ ከአጠገባችን ከተማ ከክርያት አታ በአውቶቡስ ሊጠይቁኝ መጡ። የሰማንያ ዓመት ሽማግሌ በማጅራት ይቀበሉታል? ተገልብጬ ተንጋለልኩ።
«ኧረ ተው፣ ሐኪም ያለህን ስማ!»
«ሐኪሟ እርስዎን አታውቅዎትም» አልኳቸው።
ሦስት ሰዓት ሙሉ አሳቅኋቸው። እንደኔ ያለ በሽተኛ ሃይፋ አይታ አታውቅም።

ረቡዕ
ዓይኔ ጉም ለበሰ። ይቆረቁረኛል። ለልጄ ለኦርሊ አልነገርኩም።

ሐሙስ
ኦርሊ አየችኝና ጎትታ ሐኪም ቤት ወሰደችኝ። ዘይቱ ወደ ፊት ሾልኮ ኮርኒያውን፣ የዓይኔን የፊት መስታወት፣ ነክቷል። ከቆየ መስታወቱ ይደፈርሳል፤ ላይመለስ ይችላል።
«አባ፣ ተደፍተህ ነበር ወይ ትላለች» አለች ኦርሊ የሐኪሟን ዕብራይስጥ እየተረጎመች።
«እንደ ወታደር!»
ሐኪሟ ፊቷ ጠቆረ። ተደፍቼም ዘይቱ ወደ ፊት ከመጣ፣ እሑድ ዘይቱን ታወጣዋለች፤ ሽፋኑ ግን ገና አልጠናም፣ እንደገና ሊላቀቅ ይችላል።
ከሐኪም ቤት እስከ ሰፈሬ ሀዳር አንድ ቀልድ አልመጣልኝም። ለሽፋኑ ጠንቅ የሚሆነው ውሸቴ ነው። ቤት ገብቼ ደብተሬን አወጣሁ። ኦርሊ ሁለት ዲግሪ አላት፣ የአማርኛ ፊደል ግን አታውቅም። ማክሰኞን አነበብኩላት፤ ከጉሙ የተነሣ አብዛኛውን በቃሌ።
«አባ፣ አብደሃል?» አለችና ደወለች። ሐኪሟ፦ እስከ እሑድ ይደፋ፤ ዘይቱ ወደ ኋላ ከተመለሰ አልነካውም። ቤሰደር፣ እሺ ማለት ነው።

ዓርብ፣ ሰንበት ሳይገባ
አያ ካሴ እንደገና መጡ። ከአልጋው ጫፍ አንገቴን እንዳቀረቀርኩ ቀረሁ።
«ይቅር ይበሉኝ፣ ማጅራቴን ነው የሰጠሁዎት።»
ከዚያ ከዘራቸው ወለል ላይ ሲጋደም ሰማሁ። እኒያ ሰው ከፊቴ ሥር በጀርባቸው ተንጋለሉ!
«እንዴት ዋልህ?» አሉኝ ሽቅብ እያዩ።
«አሁን ማን ያነሣቸዋል?» ብላ ኦርሊ ጮኸች።
ጉሙ አለ። እሑድ ይታያል። ግን አያ ካሴ ሲስቁ የጎደለው የፊት ጥርሳቸው ታየኝ። ትናንት የኦርሊ አፍንጫ እንኳ ጥርት ብሎ አልታየኝም ነበር።