የመኪናው መብራት

ልጄ፣ እንቅፋት አይንካህ፤ የሄድክበት ይቅናህ። ለማንም ያልነገርኩትን ልንገርህ፤ አባትህ የታመመ ዕለት የመኪናውን ባትሪ የጨረስኩት እኔ ነኝ።

የላክህልኝ ሶላር የመኪናው ጣሪያ ላይ ተገጥሟል። የገጠመው ሠራተኛ፣ «እትዬ፣ ከእንግዲህ ይህ ባትሪ ቆሞም ቢውል ከእኔ በላይ ጠግቦ ያድራል!» ብሎ አሳቀኝ። ስልኬን መኪናው ውስጥ ሰክቼ እሞላለሁ። መብራት ሲጠፋ ጎረቤቶችም የእነሱን ይዘው ይመጣሉ። አንተን ሲመርቁህ እኔ አንገቴን እደፋለሁ።

ያኔ ፊደል ስቆጥር እንዳትስቁብኝ አፍሬ፣ ማታ ማታ መኪናው ውስጥ በጣሪያው መብራት አነብ ነበር። አንድ ቀን ሳላጠፋው ገባሁ። ጠዋት አባትህን ሐኪም ቤት ልናደርስ ስንል ሞተሩ አልነሳም አለ። መኪናውን እየገፋን ሳለ አባትህ ሐኪም ሳያየው አለፈ። እህትህ፣ «አንተ ነህ! ስትጫወትበት አምሽተህ!» ብላ ስትጮህብህ ዝም አልኩ። አንተም እውነት መስሎህ ዝም አልክ።

ጥፋቱ ያንተ አይደለም፣ ልጄ። ዕድሜህ ይርዘም፤ የልብህ ይሙላ። ከቻልክ ደውልልኝና ድምፅህን ልስማ። ይህንኑ ደብዳቤ በእጄ ገልብጫለሁ፤ አንዱ ለአንተ ነው፣ ሌላውን ዛሬ ለእህትህ እሰጣታለሁ።