ክርክር የሌለበት ገበያ

ውድ ወንድሜ፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህ፣ ልጆችህ፣ ላሞቹም ሳይቀሩ ደህና ናቸው? እኔና ባለቤቴ ፎልኬ፣ ባሕሩ ቀዝቅዞ ነፋሱ አስቸገረን እንጂ ደህና ነን።

ባለፈው ደብዳቤህ፣ “ስዊድን ሆነሽ ምን ይናፍቅሻል? ገበያው እንኳ ስሙ የእኛው ነው” ብለህ ቀልደህብኛል። እውነትህን ነው። ከመርከብ የወረድኩ ዕለት መጀመሪያ ያነበብኩት ቃል “ቶርግ” ነበር፤ የእኛው “ታርግ”። ከቋንቋቸው ሁሉ እሱ ብቻ ዘመዴ መሰለኝና አለቀስኩ። ፎልኬ እንደሚለው፣ የጥንት ነጋዴዎቻቸው በወንዝ እየሄዱ ከእኛ ከስላቮች ቆዳ ሲገዙ ቃሉንም ይዘው ተመለሱ። ስላቮቹስ ከማን አገኙት ብዬ ስጠይቀው፣ እሱን ሊቃውንቱም አልተስማሙበትም አለኝ። እኔ የማውቀው ቃሉን ወስደው የዋጋ ክርክሩን እዚያው ጥለው መምጣታቸውን ነው። እዚህ ቶርግ አደባባዩ ነው፤ ሰው ባይኖርበትም ቶርግ ነው። በእኛ ዘንድ ካልተከራከሩበት፣ ካልተማማሉበት ምኑን ገበያ ሆነ? ቀይ ሥሬን ይዤ ስቆም ዋጋ ጠይቀው፣ ከፍለው፣ አመስግነው ይሄዳሉ።

ቅዳሜ ዕለት ግን ማን ቢመጣ ጥሩ ነው? የመንደራችን ፈረስ ነጋዴ፣ ሽማግሌው ኮስትካ! ልጁን ሊጠይቅ መጥቶ ነው። ከሰላምታም በፊት ቀይ ሥሩን አንስቶ፣ “ይሄ ቀይ ሥር ነው የአይጥ ጅራት?” አለኝ። ደስታዬን ልነግርህ አልችልም። “እርስዎ ቤት አይጥ ስለበዛ ሁሉም አይጥ ይመስልዎታል!” ብዬ መለስኩለት። ተቆጥቶ ጥሎኝ ሄደ፤ እንደ ደንቡም ተመለሰ። ስዊድኖቹ ሊደባደቡ ነው ብለው ቆመው ያዩናል። በመጨረሻ እጁን ዘርግቶ በገበያችን ልማድ፣ “በእናትሽ ይዤሻለሁ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ቀንሺልኝ!” አለ።

በቁሟ ምን ያሟርቱባታል ብዬ ጮህኩበት።

ኮስትካ ባርኔጣውን አወለቀ። እናታችን የሞተችው ገና ሣሩ ሳይታጨድ እንደነበረ፣ የሬሳ ሣጥኗንም ከተሸከሙት አንዱ እሱ መሆኑን ነገረኝና፣ “ወንድምሽ አልጻፈልሽም እንዴ?” አለኝ። ጽፎልኛል አልኩት። በባዕድ አገር፣ በአገር ሰው ፊት ላዋርድህ አልፈለግሁም። ደግሞስ መቼ ሳትጽፍልኝ ቀርተህ! “እናታችን ሰላም ትልሻለች፣ የላክሽላት የልብ መድኃኒት ተስማምቷታል፣ ቡናውንና ቸኮሌቱንም አትርሺ” ትለኛለህ።

ቡናውንስ ብትጠይቀኝ ለአንተም እልክልህ ነበር። ያንገበገበኝ ሌላ ነው። መንደሩ ሁሉ የነፍስ ጸሎት ሲያደርስላት፣ እኔ ልጇ በጋውን ሙሉ ጤና ስለምንላት ከረምኩ። ልቅሶዬን ሰረቅኸኝ።

ለሙታን ቀን እመጣለሁ፤ ሻማዋን ራሴ አበራለሁ። መቃብሯን ኮስትካ ያሳየኛል፤ አንተ እንዳትመጣ። የዚህ ወር መድኃኒት አስቀድሞ ተገዝቶ ስለነበር ከዚህ ጋር ልኬዋለሁ፤ ልብ የሚባል ካለህ አንተው ዋጠው።

እግዚአብሔር ልጆችህን ያሳድግልህ፤ አንተ ያደረግኸውን ለእነሱ አያስተምርብህ።

የእናትህ ልጅ