ስለ «ለሁሉም ለጋሽ» ፖስተር እና ስለ ተቆረጠችው ሁለተኛ መስመር

ይድረስ ለተከበሩ የደም ባንካችን ዋና ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎ እጅ እየነሣሁ ጤና፣ ዕድሜና ብርታት እንዲበዛልዎ ከልቤ እመኛለሁ። ጤናውን በተለይ እመኛለሁ፤ ምክንያቱን ከፊርማዬ በታች ያገኙታል።

እኔ የመሥሪያ ቤትዎን የእንግሊዝኛ ሰነዶች ስተረጉም አሥራ ዘጠኝ ዓመት የኖርኩ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ከፎቶ ኮፒው ማሽን ጎን የምቀመጥ ሠራተኛዎ ነኝ። በመልክ ባያስታውሱኝም «ያ መነጽራሙ» ቢሉ ጥበቃዎቹ ያሳዩዎታል። ደሜ ኦ ኔጌቲቭ ስለሆነ በየሦስት ወሩ ክንዴን ዘርግቼ የምሰጥ፣ ለዚህም ሦስት የምስክር ወረቀትና አንድ ጃንጥላ የተሸለምኩ ለጋሽም ነኝ። ጃንጥላው በሁለተኛው ዝናብ ተገንጥሏል፤ ለማማረር ግን አይደለም። ደብዳቤዬን በጋዜጣ ያወጣሁት በመዝገብ ቤት በኩል የላክኋቸው ሁለቱ ደብዳቤዎች ደብዛቸው ስለጠፋ ነው።

1ኛ. «ዩኒቨርሳል» የሚባለው ቃል በእነዚህ ዓመታት ያላመጣብኝ ጣጣ የለም። ሳይንቲስት ሲጽፈው የትም ቦታ፣ መቼም ጊዜ እውነት የሆነ ሕግ ማለት ነው። የመብት ሰነድ ላይ ሲመጣ ሰው ሆኖ የተወለደ ሁሉ ማለት ነው። የሶኬት ካርቶን ላይ ሲታተም ማንኛውንም መሰኪያ ይቀበላል ማለት ነው፤ ቢሮዬ ያለው የኮምፒውተሬን መሰኪያ አልቀበልም እንዳለ ዓመት ሞልቶታል። በስብሰባ ሪፖርት ላይ ደግሞ ሐሳቡ «ዩኒቨርሳል» ድጋፍ አገኘ ከተባለ፣ በክፍሉ የነበሩት ስድስት ሰዎች ምሳ ሰዓት ስለደረሰባቸው ዝም አሉ ማለት ነው። እኔም እንደየአገባቡ አንዴ ሁለንተናዊ፣ አንዴ ሁሉን አቀፍ፣ አንዴ ለሁሉም የሚሆን እያልኩ ስጽፍ አንድ ነገር ታዘብኩ፤ «ሁሉም» ከተባለ በኋላ ማን እንደቀረ የሚጠይቅ ሰው አይገኝም። ለዚህ ትምህርት መሥሪያ ቤትዎን አመሰግናለሁ፤ ሌላ ቦታ ቢሆን ያስከፍሉኝ ነበር።

2ኛ. የዛሬ አራት ዓመት ስለ «ዩኒቨርሳል ለጋሽ» የሚያወራ የእንግሊዝኛ መመሪያ ተሰጥቶኝ ለፖስተር እንዳዘጋጀው ታዘዝኩ። ያዘጋጀሁት ሁለት መስመር ነበር። የመጀመሪያዋ፣ ኦ ኔጌቲቭ ለሁሉም ለጋሽ እንደሆነና የበሽተኛው የደም ዓይነት ሳይታወቅ በአስቸኳይ ጊዜ እንደሚሰጥ ትናገራለች። ሁለተኛዋ፣ ያው ሰው ራሱ መቀበል የሚችለው ከኦ ኔጌቲቭ ብቻ ስለሆነ ይህ ደም ተቆጥቦ ይያዝ ትላለች። ከዚያ የሕዝብ ግንኙነቱ ባልደረባ መጡና የክቡርነትዎ ፎቶግራፍ ቦታ እንደጠበበው በትሕትና ነገሩኝ። የመጀመሪያዋ መስመር «ኦ ኔጌቲቭ ለሁሉም!» ተብላ ቀረች፤ ሁለተኛዋ ጨርሳ ተቆረጠች። ፎቶግራፉ በእርግጥ አምሮበታል። እኔም በዚያ ቀን ደክሞኝ ስለነበር «ይሁን» ብዬ ፈረምኩ፤ ይህን ጥፋት በማንም ላይ አላላክክም፣ የራሴ ነው።

3ኛ. ከዚያ ወዲህ የበሽተኛውን የደም ዓይነት ካርዱ ላይ እያየ እንኳ የተቻኮለ ሁሉ «ያንን ለሁሉም የሚሆነውን ስጡን» እያለ ይመጣል። በባለሙያዎቹ አልፈርድም። ዓይነቱን አመሳክሮ ማውጣት ሁለት ቅጽና ሦስት ፊርማ ይፈልጋል፣ ኦ ኔጌቲቭ ከሚቀመጥበት ከላይኛው መደርደሪያ አንድ ከረጢት ማንሣት ግን እጅ መዘርጋት ብቻ ነው፤ ግድግዳውም ፈቅዶላቸዋል።

4ኛ. ታላቅ እህቴ፣ እናታችን ከሞተች በኋላ እኔን ያሳደገች፣ ጡረታ እስክትወጣ የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ስትጠብቅ የኖረች ሴት፣ በማሕፀኗ ላለ ዕጢ ኦፕራሲዮን ልትደረግ ሆስፒታል ከተኛች ዛሬ ሃያ ስድስት ቀኗ ነው። የእሷም ደም ኦ ኔጌቲቭ ነው። ሁለት ጊዜ አረንጓዴውን ጋውን ለብሳ እስከ ኦፕራሲዮን ክፍሉ በር ተገፍታ፣ ደም የለም ተብላ ተመልሳለች። እኔ ከሰጠሁ ገና አምስት ሳምንቴ ስለሆነ ድጋሚ ለመስጠት ሰባት ሳምንት ይቀረኛል። ያ ከረጢቴ የት እንደደረሰ ብጠይቅ፣ የደም ዓይነታቸው ኤ እንደሆነ ካርዳቸው ላይ ለተጻፈ አንድ አባወራ መሰጠቱን ነገሩኝ። እግዜር ይማራቸው፣ ቂም የለኝም። ግን የኤ ደም በዚያው ቀን ታችኛው መደርደሪያ ላይ ነበር።

ለሁለተኛ ጊዜ ስትመለስ አልጋዋ ሊፍት ሲጠብቅ የቆመው እዚያም ከተለጠፈው ፖስተር ሥር ነበር። አንብባ ጨረሰችና «ይሄ ያንተ አጻጻፍ ነው አይደል? ጎሽ፣ ያምራል፤ ግን ምነው እኛን ረሳኸን?» አለችኝ። ብርድ ልብሷን የማስተካክል መስዬ አጎነበስኩ። አፍሬ ነው።

አምስተኛና ስድስተኛ አቤቱታም ነበረኝ፤ ደከመኝ፣ ይቅር።

ስለዚህ ዓይኔን በጨው አጥቤ የምለምነው ሁለት ነገር ነው። ሦስተኛ ቀጠሮዋ ሐሙስ ጠዋት ነውና፣ እስከዚያ ሁለት ከረጢት ኦ ኔጌቲቭ በስሟ ተለይቶ ይቀመጥ፤ ማንም ቸኩሎ ቢመጣ፣ የበሽተኛው የደም ዓይነት ከታወቀ ያንኑ ዓይነት ይውሰድ። ሁለተኛዋ መስመርም ወደ ግድግዳው ትመለስ። ቦታ ከጠበበ በትንሹ መጻፍ እችላለሁ፤ ለምጄዋለሁ።

ውድ ጊዜዎን ስለተሻማሁ ይቅርታዎን እየለመንኩ፣ ስለ ምስክር ወረቀቶቹ፣ ስለ ጃንጥላውና ስለማይመጣው መልስዎ በቅድሚያ እያመሰገንኩ፣ ከጫማዎ ሥር ሆኜ ፈረምኩ፤

ለሁሉም ለጋሹ ተርጓሚዎ

ማስታወሻ፦ በፖስተሩ ላይ ያለው ፎቶግራፍ የተነሣው በደም ባንካችን ሕንፃ ምረቃ ዕለት ክቡርነትዎ ክንድዎን ዘርግተው ደም ሲሰጡ ነው። የለጋሽነት ካርድዎን ለውጭ እንግዶች በእንግሊዝኛ ያነበብኩላቸው እኔ ነበርኩ፤ እንግዶቹም ቆመው አጨበጨቡ። እርስዎም እንደ እህቴ ኦ ኔጌቲቭ ነዎት። ጤናዎን በተለይ የተመኘሁት ለዚህ ነው፤ ላይኛውን መደርደሪያ ትናንት አይቼዋለሁ።