በር ስለሌለው የሴቶች መታጠቢያ

ለተከበሩ የጎርፍ ተፈናቃዮች መጠለያ ኃላፊ፦

ለእርስዎና ለመላው ቤተሰብዎ ሙሉ ጤንነት እየተመኘሁ ደብዳቤዬን በአክብሮት እጀምራለሁ። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ስለሆነ አጻጻፌን ይታገሡኝ። ቤታችን በጎርፍ ሲፈርስ በትምህርት ቤቱ ግቢ ስላስጠለሉን አመሰግናለሁ፤ ይህን ያልኩት ከልቤ ነው። የቀረውን ምስጋናዬን ደግሞ እንደሚገባዎ አድርገው ይቀበሉት።

አንደኛ፣ ነዋሪው ስጋት ይሰማው እንደሆነ መዝጋቢዎን ልከው ስላስጠየቁ አመሰግናለሁ። መዝጋቢው የቤተሰቡ ኃላፊ ማን እንደሆነ ጠየቀኝ። እኔ ነኝ ስለው፣ ወንድ የለም ወይ አለኝ። ባለቤቴ ከሞተ ስድስት ዓመቱ ስለሆነ፣ መኪና ጥገና ቤት የሚሠራውንና እዚያው የሚያድረውን የባለቤቴን ወንድም ፈልጎ ጠየቀው። እሱም መጠለያውን ያየው አንድ ቀን በውጭ በኩል ሲያልፍ ነውና፣ «ግቢው አጥር አለው፣ ዘበኛ አለው፣ ሴቶቹ ምን ይሆናሉ» ብሎ ፈረመልን። ነዋሪው ስጋት እንደሌለበት በማስታወቂያ ሰሌዳዎ ላይ ተለጥፎ አነበብኩ። እኔም ነዋሪ ነኝና፣ ስጋት እንደሌለብኝ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

ሁለተኛ፣ የሴቶቹን መታጠቢያ በር ጎርፉ ስለወሰደው አንሶላ ሰቅለንበታል። አንሶላውን ነፋስም ይገልጠዋል፣ ነፋስ ያልሆነም ይገልጠዋል። ለዘበኛው ብንነግረው «ደግሞ የምትደብቁት ምን አላችሁ» ብሎ ሳቀብን። ለቢሮዎ ሦስት ጊዜ ብናመለክት፣ የቤተሰብ ኃላፊ ይፈርምበት ተብሎ ሦስቴም ተመለሰልን።

ሦስተኛውን ለመጻፍ ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ልጄ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር፤ ልብስ ስፌት ትማር ነበር። አንሶላው ሁለት ጊዜ ከተገለጠባት በኋላ እዚያ መታጠብ ተወች። ማክሰኞ ቀትር ላይ ባልዲና ሳሙና ይዛ ወደ ፈረሰው ቤታችን ሄደች። ጣራው ባይኖርም የጓዳው በር ከውስጥ ይቀረቀር ነበር። «እማዬ፣ ፀጉሬን ብቻ ነው፣ መጣሁ» አለችኝ። ውሃ የጠገበው ግድግዳ ተደረመሰባት። ሲያወጧት ሳሙናው ከፀጉሯ አልለቀቀም ነበር። እኔው አለቀለቅሁላት።

ቢሮዎ የሞተችው ወደ ተከለከለ ስፍራ በመግባቷ ነው ብሎ ጽፏል። ቢሮዎ አልዋሸም፤ ገብታለች። ለምን እንደገባች የሚጠይቅ መዝጋቢ ግን አልተላከም። እዚህ ግቢ ውስጥ ገና አሥራ አንድ ልጃገረዶች አሉ፤ ትናንት ሁለቱን ባልዲ ይዘው ወደ ፍርስራሹ ሲሄዱ ከመንገድ መለስኳቸው። እባክዎ እነሱን ያስጠይቁልኝ።

ስለ ጥበቃዎ ውለታዎን የምመልስበት ባጣ፣ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ፤

የቤቷ ኃላፊ መሆኗ ያልተመዘገበላት፣
የአንዲት ልጅ እናት የነበረች።

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ ከጎረቤቶቼ ጋር ሆነን የጓዳዬን በር ከፍርስራሹ አውጥተን መታጠቢያው ላይ ገጥመነዋል። ዘበኛው ያለ ፈቃድ ስለተገጠመ ይነሣል ብሎናል። ሊያስነሡት ሲመጡ እባክዎ አስቀድመው ያንኳኩ፤ ውስጥ ሴቶች ይታጠባሉ።