የአስተርጓሚዋ አንድ ደቂቃ

ጥቅምት 6

ምስክሩ በሀዲይኛ የተናገረውን ለዳኛው በሀዲይኛ ደገምኩላቸው።

በዚህ ፍ/ቤት ሳስተረጉም አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ። እንዲህ ሆኜ አላውቅም። ዳኛው እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። “እሱንማ ራሱ ነግሮናል፣ ወ/ሮ አስቴር።” ችሎቱ ሳቀ። አማርኛው ፈጽሞ አልመጣ አለኝ። ደረቴ ላይ ያለው ክብደት ግን አለ። ከሰኔ ጀምሮ አልወረደም።

ጥቅምት 8፣ ጠዋት 3፡00

ሐኪም ቤት። የአእምሮ ጤና ባለሙያዋ ሰዓቷን እያየች፣ በአንድ ደቂቃ የቻልሽውን ያህል የእንስሳት ስም ጥሪ አለችኝ። ላም፣ በግ፣ ፍየል፣ አህያ። ፈረስ፣ ውሻ፣ ድመት። ደግሞ ላም። በጠቅላላው ሰባት። የሾኔ ገበሬ ልጅ ነኝ፤ ዶሮን ረሳሁ።

ድብርት ነው አለች። ቃሉ አልጠፋም፤ ሕመሙ ሐሳብሽን ስለያዘው ፍለጋው ዘገየ። መድኃኒቱም ጊዜ ይፈልጋል።

እናያለን።

ጥቅምት 11

ደብተር፣ ሥራ ሰጥቼሃለሁ። ጠዋት ጠዋት የደረቴን ሕመም ከአሥር እለካለሁ። ከዚያ አንድ ደቂቃ፣ ገበያ ላይ የሚሸጥ ነገር ሁሉ። ትናንት ሕመም 5፣ ቃል 16። ዛሬ ሕመም 8፣ ቃል 9። ደደብ ብሆን ኖሮ ትናንትም ደደብ እሆን ነበር።

እህቴ ከዱራሜ ደወለች። ጸልዪ አለች። እጸልያለሁ። እግዚአብሔር ቃል እስካገኝ ይጠብቃል፤ ችሎት ነው የማይጠብቀው።

ጥቅምት 13

ሕመም 9፣ ቃል 6። ኃላፊዬ አቶ ደሳለኝ ጠራኝ። መዝገብ ቤት ይሻልሻል፣ እዚያ መናገር የለም አለኝ። “በራሴ ጥያቄ ልዛወር” የሚል ማመልከቻ አስጽፎ ጠበቀኝ። በደግነት ነው የተናገረው። የከፋኝም ደግነቱ ነው። ፈረምኩ።

ጥቅምት 14፣ ከሰዓት 8፡30

ማመልከቻውን ማኅተም ለማስመታት ወረፋ ላይ። ሕመም 9። ቃል አልቆጠርኩም።

የችሎቱ በር ክፍት ነው። ከጃጁራ የመጡ አሮጊት በበሬ ስርቆት መዝገብ በሀዲይኛ ይመሰክራሉ። ተከሳሹ ጎረቤታቸው ነው። ሲወስደው አላየሁም፣ በሬው ሲጮህ ብቻ ሰማሁ አሉ። በእኔ ቦታ የቆመው ጸሐፊ አሳጠረው፦ “በሬው ሲወሰድ ነበርኩ ይላሉ።” ዳኛው ጻፉ።

ትክክለኛው አማርኛ መጣልኝ። ቀስ ብሎ፣ አንድ አንድ ቃል። ግን ሙሉው መጣ። በሕመም 9።

ዳኛውን እላቸዋለሁ፦ እማማ በአጭር በአጭር ይናገሩ፣ እኔም እየጻፍኩ ላስተርጉም። የሚስቅ ይሳቅ።

ማመልከቻውን እዚህ ገጽ ውስጥ አጠፍኩት። ባለማኅተሟ “እትዬ አስቴር፣ ተራሽ ነው፣ ወዴት ነው?” ትላለች። ወደ ችሎት።